በ«ኤ» የሚጀምሩ የእንግሊዝኛ ቃላትና የሶባ ታሪክ

ከካርቱም ተነሥቶ ጥቁር ዓባይን ሽቅብ እየተከተለ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር እምብዛም ከፍታ የሌላቸው ጉብታዎች ያገኛል። በላያቸው የቀይ ጡብ ስብርባሪና የሸክላ ገል ተበትኖባቸዋል። ስፍራው ሶባ ይባላል። የዐልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረ፤ ዐልዋም ከስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ ዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ ክርስቲያን ሆኖ የኖረ የኢትዮጵያ ጎረቤት ነበረ። ካርቱም በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በቱርክና በግብፅ ገዥዎች ስትቆረቆር ግንበኞቹ ከሶባ ፍርስራሽ ጡብ እያነሡ ስለ ወሰዱ፣ የአሮጌው ከተማ አካል በከፊል በአዲሱ ከተማ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል ማለት ይቻላል። ሱዳኖች አንድ ነገር ፈጽሞ መጥፋቱን ለመግለጽ ሲሹ «ኸራብ ሶባ» ይላሉ፤ የሶባ ጥፋት ማለት ነው።

ተማሪዎቻችን ስለ ግብፅ፣ ስለ ሜሮዌና ስለ አክሱም ይማራሉ። ስለ ሶባ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ እሱም ቢሆን ዕድል ቀንቷቸው ከሰሙ ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የመጻሕፍት እጥረት እንደ ሆነ አይካድም። ሁለተኛው ምክንያት ግን የቋንቋ ጉዳይ ይመስለኛል። ስለዚህ አገር የተጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ማውጫ ላይ ይህ አገር አንድ ጊዜ «አሎዲያ»፣ አንድ ጊዜ «አልዋ»፣ አንድ ጊዜም «አሎዋ» ተብሎ ይገኛል። ሦስቱም በ«ኤ» ፊደል ሥር የተመዘገቡ የአንድ አገር ስሞች ናቸው፤ ተማሪው ግን ሦስት አገሮች ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

እንግዲህ የታሪክና የእንግሊዝኛ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቢሠሩ ከዚህች ከአንዲት ፊደል ብቻ ብዙ ትምህርት ሊወጣ እንደሚችል ለማሳየት፣ ሶባን የሚነኩ ወይም ከሶባ አጠገብ የሚያልፉ በ«ኤ» የሚጀምሩ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላትን መርጠን እንመልከት። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአገሩ ስም እንጀምር። «አሎዲያ» በግሪክ አጠራር በኩል ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች የገባ ስም ነው፤ «ዐልዋ» ደግሞ ዐረቦች የሚጠሩበት። ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር የሚሆነው ይህ ስም ከዐረብ ጸሐፊዎች ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ በግዕዝ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዓመት በኖባና በካሱ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በሚተርከው የድንጋይ ጽሑፉ፣ ሠራዊቱ ከያዛቸው በግንብ ከተሠሩ ከተሞች መካከል ዐልዋንና ዳሮን በስም ይጠቅሳል፤ የኖባን የሣር ቤት ከተሞች ደግሞ ለብቻ ይቈጥራል። በዚያው ጽሑፍ ዛሬ አትባራ የምንለው ወንዝ «ተከዜ» ተብሏል። የዒዛና ዐልዋ ኋላ ሶባ የተባለችው ከተማ ናት ወይስ ከእርሷ በስተሰሜን የነበረች ሌላ ከተማ የሚለውን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ስሙ ግን ያው ስም ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ «አሎዲያ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ሲያነብ እንደ ባዕድ ስም ሊያየው አይገባም፤ የገዛ አገሩ ድንጋይ ያውቀዋልና።

ሌላም አለ። ዐልዋ የክርስትናን ሃይማኖት የተቀበለው በ580 አካባቢ ሎንጊኖስ በሚባል ኤጲስ ቆጶስ ስብከት ነው። ይህን የጻፈልን በዚያው ዘመን የነበረው የኤፌሶኑ ዮሐንስ ነው፤ የጻፈውም በሱርስት ቋንቋ ነው። ሎንጊኖስ የመቁርያ ንጉሥ መንገድ እንዳይዘጋበት ፈርቶ በቤጃዎች በረሓ ዞሮ፣ በሙቀቱም እጅግ ተሠቃይቶ ዐልዋ እንደ ገባ ዮሐንስ ይተርካል። እግረ መንገዱንም አንድ አስገራሚ ነገር ይነግረናል፤ ሎንጊኖስ ከዐልዋ ሲደርስ በዚያ አክሱማውያን ክርስቲያኖች አግኝቶ ነበር! በሃይማኖት ነገር ከእርሱ ጋር አልተስማሙም፤ የሃሊካርናሱን የዩልያኖስን ትምህርት የተከተሉ ናቸው ብሎ ይከሳቸዋል። የክሱ እውነትነት ለሥነ መለኮት ሰዎች ይቆይ። ለታሪክ ተማሪ የሚበቃው፣ የአክሱም ሰዎች በስድስተኛው መቶ ዓመት በጥቁር ዓባይ ዳር ተቀምጠው ይከራከሩ እንደ ነበረ ማወቁ ነው።

በነገራችን ላይ አክሱምም በእንግሊዝኛ ሁለት ዐይነት አጻጻፍ አላት። አሮጌዎቹ መጻሕፍት በ«ኤክስ» ይጽፏታል፤ አዲሶቹ ደግሞ በ«ኬ» እና በ«ኤስ»። ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት የተጠቀመው ሁለተኛውን ነው። ተማሪ ከሁለቱ አንዱን መርጦ እስከ ጽሑፉ ፍጻሜ ከያዘ ስሕተት የለበትም፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ሲያቀላቅል ግን መታረም አለበት።

«አርኪዮሎጂ» የሚለውም ቃል በዚችው ፊደል ሥር ነው። «አርካዮስ» በግሪክ ጥንታዊ ማለት ሲሆን «ሎጎስ» ነገር፣ ቃል ወይም ጥናት ማለት ነው፤ የጥንት ነገር ጥናት እንደ ማለት። ሶባን በዘመናዊ መንገድ የቆፈረው ፒተር ሺኒ ሲሆን ሥራው ከ1950 እስከ 1952 የቆየ ነው። ከ1981 እስከ 1986 ድረስ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዝ ጥናት ተቋም የላካቸው ቻርልስ ዳንየልስና ዴሪክ ዌልስቢ አንዱን ጉብታ ቆፍረው ጎን ለጎን የቆሙ የሦስት ቀይ የጡብ አብያተ ክርስቲያናትን መሠረት አገኙ። ከ2019 ጀምሮ የፖላንድ ሊቃውንት ሥራውን ቀጥለው ነበር፤ በአፕሪል 2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ግን ብዙ ነገር አሰናክሏል። በዚያ ጦርነት የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ከሶባ ምድር ውስጥ ግን የተቆፈረው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው።

ከተገኙት ነገሮች መካከል በግሪክ ፊደል የተቀረጹ ጽሑፎች አሉ። ኑቢያውያን የራሳቸውን ቋንቋ የሚጽፉት ከግሪክ በተወሰደ ፊደል ነበረ፤ ግሪክ የማያውቃቸውን ድምፆች ለማመልከት ከግብፅ ቅብጦች ጥቂት ሆሄያት፣ ከጥንቱ የሜሮዌ ጽሕፈትም ሦስት ሆሄያት ጨምረውበታል። ይህ ጉዳይ «አልፋቤት» ወደሚለው ቃል ይወስደናል። «አልፋቤት» ማለት «አልፋ» እና «ቤታ» ማለት ነው፤ «አቡጊዳ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ግሪኮች ግን «አልፋ» የሚለውን ስም አላወጡትም፤ ከሴማውያን የተቀበሉት ነው። በሴማውያን ዘንድ ትርጉሙ በሬ ነው፤ «ቤት» ደግሞ ያው ቤት። የግዕዝ ሊቃውንትም «አ»ን አልፍ፣ «በ»ን ቤት ብለው ይጠሯቸዋል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ትልቁን የእንግሊዝኛ «ኤ» ጽፎ ቢገለብጠው ሁለት ቀንድ ያለው የበሬ ራስ ይሆንለታል። እንግዲህ የሶባ ጸሐፊ በግሪኩ አልፋ፣ የአክሱም ጸሐፊ በግዕዙ አልፍ የየራሳቸውን ቋንቋ ሲጽፉ፣ ሁለቱም የአንድ በሬ ራስ እየሣሉ ነበር። ይህችን ምሳሌ ከሰጠሁ በኋላ የፊደል አመጣጥን የረሳ ሠልጣኝ አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቃል እንምጣ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ዛሬ በእንግሊዝኛ በ«ኢ» ይጀምራል፤ ድሮ ግን በ«ኤ» ይጀምር ነበር። ግሪኮች «አይቲዮፕስ» ይላሉ፤ «አይቶ» ማቃጠል፣ «ኦፕስ» ፊት ማለት ነው ተብሎ ይተረጐማል። ላቲኖች ይህንን «ኤ»ንና «ኢ»ን አጣምረው ጻፉት፤ እንግሊዞችም ያንኑ ተከትለው ለብዙ ዘመን ሲጽፉ ከኖሩ በኋላ የመጀመሪያዋን ሆሄ ጣሏት። «ኤተር» የሚለውም የሳይንስ ቃል በዚሁ ዐይነት ፊደሉን ጥሏል።

የፊደሉ መውደቅ ቀላል ነገር ነው። ከባዱ ነገር ቃሉ ማንን ይጠራ እንደ ነበረ ነው። በጥንት ግሪኮች አነጋገር ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ሁሉ ነው። ሄሮዶቱስ የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ሜሮዌ ናት ይላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ውስጥ ስለ ጃንደረባው በተጻፈው ቃል እኛ «ህንደኬ» ብለን የምናነበው፣ እንግሊዝኛው «ካንዳሲ» የሚለው፣ የሜሮዌ ነገሥታት ቤት ሴቶች የማዕርግ ስም እንደ ነበረ የሜሮዌ ጽሑፎች ያስረዳሉ። በሌላ በኩል የዒዛና የሦስት ቋንቋ ጽሑፍ፣ ንጉሡ የሚገዛቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር በግሪኩ «አይቲዮፕስ» ያላቸውን በግዕዙ «ሐበሻት» ይላቸዋል። ስለዚህ የአክሱም ነገሥታት ራሳቸው ስሙን ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምረው ይዘውታል፤ በኋላ ሰው በስጦታ የሰጠን ስም አይደለም። ነገር ግን በአራተኛው መቶ ዓመት አንድ ወገን ስሙን ስለ ያዘው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሌሎች ጸሐፊዎች ለኑቢያ መስጠታቸው አልቀረም።

ይህንን ያልተረዳ ተማሪ የሚገጥመውን ችግር በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ሆስኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1835 «የኢትዮጵያ ጉዞ» የሚል ርእስ ያለው ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ተማሪው ርእሱን አይቶ ስለ ጎንደር ወይም ስለ ላሊበላ አገኛለሁ ብሎ ቢከፍተው የሚያገኘው ዶንጎላን፣ የሜሮዌን ፒራሚዶችና የኑቢያን ቤተ መቅደሶች ነው። ሆስኪንስ ዛሬ ኢትዮጵያ በምንለው አገር እግሩን አልጣለም። ዋሊስ ባጅ በ1928 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ ላይ ይህ መደባለቅ ስላሳሰበው ይመስለኛል፣ ከርእሱ ሥር ኑቢያንና አቢሲኒያን ለይቶ ጨመረ፤ ሁለቱን ግን አንድ ሽፋን ውስጥ ከመክተት አልዳነም። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ተማሪ በኑቢያ የተሠራውን ሁሉ የእኛ ነው ይላል፤ አንዳንዱም ይህ ሁሉ የሱዳን ከሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ የተነገረው አንዱም አይመለከተንም ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ከቃሉ ላይ የወደቁ ናቸው። መምህሩ «ይህን የጻፈው ማን ነው? በየትኛው ዓመት? ቃሉን ለየትኛው አገር አውሎታል?» ብለው እንዲጠይቁ ቢያስለምዳቸው መፈክርም ኀዘንም አያስፈልግም።

«አቢሲኒያ» የሚለው የኋለኛው ዘመን ስም ከ«ሐበሻ» የወጣ ነው፤ በዐረቦች አፍ፣ ቀጥሎም በፖርቱጋሎችና በላቲን ብዕር ተለውጦ እንግሊዝኛ ገባ። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከጎኑ «አቢስ» የሚል ቃል ተቀምጧል፤ ጥልቅ ገደል ማለት ነው። ከገደላችን ብዛት የተነሣ ሁለቱን ያዛመዱ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ዝምድና የላቸውም፤ «አቢስ» የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ መጨረሻ የሌለው፣ ወለል የሌለው ነው። የሚደነቅ ግምት ቢሆንም ግምት ብቻ ነው።

ስለ መዝገበ ቃላት ከተነሣ ዘንድ ሳሙኤል ጆንሰንን ማለፍ አይቻልም። ይህ ሰው በ1755 ያሳተመው መዝገበ ቃላት ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1735፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ መልክ ያሳተመው ሥራ ግን ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ ነበር፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው የኢየሱሳዊው የጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተተርጉሞ። በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የሚለውን ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈ፤ የባለታሪኩ ስም ከሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንደ ተወሰደ ይታመናል። ይሁን እንጂ በመዝገበ ቃላቱ «ኤ» ክፍል «አቢሲኒያ» የለችም። ጆንሰን የተጸውኦ ስሞችን ከመዝገቡ አስወጥቷቸዋልና።

ይህች ደንብ ኋላ አንድ ጉድ አስከትላለች። በኦክስፎርድ የታተመው የትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ክፍል የወጣው በ1884 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከ«ኤ» እስከ «አንት»፣ ማለት እስከ ጉንዳን ድረስ ያለውን ብቻ ይዞ 352 ገጽ ሞላ። በዚያው ሰሞን ጄኔራል ጎርደን ካርቱም ገባ፤ ጥቂት ቆይቶም የማሕዲ ሠራዊት ከተማዋን ከበበ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሉዓላዊው አዘጋጅ ጄምስ መሪ «አፍሪካን» የሚለውን ቃል ከስም የወጣ ነው ብሎ ትቶታል። «አሜሪካን» ከሚለው ላይ ሲደርስ ግን ሐሳቡን ለውጦ አስገባው! በዚያን ጊዜ የለንደን ጋዜጦች ስለ ካርቱም ሲጽፉ «አፍሪካን» የሚለውን ቃል በየቀኑ ያትሙ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቃሉ በሰው አፍ እያለ ከመዝገብ ሊጠፋ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (በዚያው ዓመት በጁን ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዓድዋ የተፈራረሙት ውል በዚሁ በሱዳን ጉዳይ ምክንያት መሆኑን የታሪክ መምህራን ያስታውሳሉ።)

ቀጥሎ የሚመጡት ቃላት በ«አል» የሚጀምሩት ናቸው። «አል» የዐረብኛ መስተኣምር ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዘ» የሚለውን፣ በአማርኛም በስም መጨረሻ የምንጨምረውን «ው» ወይም «ዋ» ይተካከላል። ዐረቦች እስፓኝን በገዙበት ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ከእነርሱ ዕውቀት ሲወስዱ ብዙውን ቃል ከነመስተኣምሩ ወሰዱት። በሲሲሊያና በኢጣልያ በኩል የገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ «አል»ን ጥሎ ነው። ስኳርና ጥጥ በእስፓኝኛ በ«ኤ» ሲጀምሩ በእንግሊዝኛ በ«ኤ» የማይጀምሩት ለዚህ ነው።

«አልኮሆል» የሚለውን እንውሰድ። ዐረብኛው «አል ኩሕል» ነው፤ ያውም እናቶቻችን ዐይናቸውን የሚኳሉት ኩል! አውሮፓውያን ቃሉን መጀመሪያ እጅግ የላመ ዱቄት ለማለት አዋሉት፤ ቀጥሎ የማናቸውም ነገር ረቂቅ ክፍል ማለት ሆነ፤ ከዚያ ከወይን ጠጅ በማፍላት የሚወጣውን ረቂቅ ፈሳሽ «የወይን አልኮሆል» አሉት፤ በመጨረሻም «የወይን» የሚለው ወደቀና ስሙ ለመጠጡ ብቻ ቀረ። እንግዲህ አማርኛ አንዱን ቃል በሁለት በር አስገብቶታል። በቀይ ባሕር በኩል «ኩል» ብሎ ተቀበለው፤ በአውሮፓ ዞሮ ሲመጣ ደግሞ «አልኮል» ብሎ።

«አልጀብራ» ሌላው ነው። «አል ጀብር» የተሰበረውን መጠገን ማለት ሲሆን፣ በእስፓኝ አገር «አልጀብሪስታ» ይባል የነበረው ወጌሻ ነው። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይሠራ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ቃሉን ለሒሳብ ሥራ አዋለው፤ ከአንዱ ወገን የጎደለውን በሌላው ወገን መመለስ ስለ ሆነ። የእርሱ ስም ራሱ በላቲን አፍ ተለውጦ «አልጎሪዝም» ሆኗል። የሒሳብ መምህራን «ኤክስን ወዲያ አሻግሩ» ሲሉ ተማሪው ወጌሻን ቢያስብ ነገሩ በቶሎ ይገባዋል። «አልኬሚ» እና «ኬሚስትሪ» ደግሞ አንድ ቃል ናቸው፤ ሁለተኛው «አል»ን ጥሏል። «አልኮቭ» ማለት በክፍል ውስጥ ገባ ብሎ የተሠራ ትንሽ ስፍራ ሲሆን ከ«አል ቁባ» የወጣ ነው፤ ቁባም ጉልላት ማለት ነው። ኦምዱርማን ያየ ሰው የማሕዲን መቃብር ቁባ ሳያይ አይመለስም። እንግሊዞች ቁርኣንንም ድሮ «አልኮራን» ይሉት ነበር፤ በኋላ መስተኣምር መሆኑን ሲረዱ «አል»ን አወጡት።

እንግሊዝኛ በገዛ መስተኣምሩም ተሳስቷል። «ኧ» እና «ኧን» ሁለቱም አንድ ከሚለው የቀድሞ ቃል የወጡ ናቸው። ሽርጥ የሚለበሰው «ኤፕሮን» ድሮ «ናፕሮን» ነበረ፤ «ኧ ናፕሮን» ሲባል ሰሚው «ኧን ኤፕሮን» እያለ ነገሩን ከፋፈለውና ቃሉ «ኤን» የምትባለዋን ፊደሉን አጣ። «አደር» የሚባለውም እባብ እንደዚሁ «ናደር» ነበረ። የሁለቱ አጠቃቀም ተማሪዎቻችንን የሚያስቸግራቸው ፊደሉን እያዩ ድምፁን ስለማይሰሙ ነው። «ኧን ኢትዮፒያን» ነገር ግን «ኧ ዩሮፒያን»፤ ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፣ ድምፃቸው ግን ለየቅል ነው። «ኧን አወር»፣ «ኧ ዩኒቨርሲቲ»ም በዚያው ደንብ ይሄዳሉ። ጆሮ ይፍረድ ከማለት የበለጠ ደንብ አያስፈልግም።

የመስተኣምር ነገር ተገልብጦ የሚገኝበት አንድ ስም አለ፤ እርሱም የዐልዋንና የኢትዮጵያን ታሪክ አንድ ላይ ያስራል። «አሌክሳንደር» የግሪክ ስም ነው፤ መነሻው «አል» የስሙ አካል እንጂ መስተኣምር አይደለም። ዐረቦች ግን መስተኣምር መሰላቸውና ለይተው «አል ኢስከንደር» አሉት፤ ከተማውንም «አል ኢስከንደሪያ»። በእኛም ዘንድ «እስክንድር»፣ «እስክንድርያ» ነው፤ «አል» የለበትም። እንግሊዞች የዐረብን መስተኣምር የስም አካል ሲያደርጉ ዐረቦች የግሪክን የስም አካል መስተኣምር አደረጉ፤ ብድር ተመላለሱ ማለት ነው።

እስክንድርያ ለሁለቱም አገር የጳጳስ ምንጭ ነበረች። በ970 አካባቢ ወደ ኑቢያ የተላከው የፋጢማውያን መልእክተኛ ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ስለ ሶባ የጻፈው ቃል በኋላ አል መቅሪዚ ጠብቆ አቆይቶታል። ያማሩ ሕንፃዎች፣ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ የአትክልት ስፍራዎች እንዳሏት፣ እስላሞችም የሚኖሩበት ሰፈር እንዳለ፣ የዐልዋ ንጉሥ ከመቁርያ ንጉሥ በሀብት እንደሚበልጥ ይናገራል። መጻሕፍታቸው በግሪክ መሆናቸውንና ወደ ቋንቋቸው እንደሚተረጉሙት፣ ጳጳሳታቸውም ከእስክንድርያ ፓትርያርክ እንደሚሾሙ ይጨምራል። የእኛም አቡን ከዚያው ይመጣ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1951 ነው፤ ፓትርያርክም የሆኑት በ1959። «አቡና» የሚለው ቃል በትላልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ«ኤ» ሥር ተመዝግቦ ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መሪ ማለት ነው ተብሎ። የገዳም አለቃ የሚባልበት «አቦት» ደግሞ ከሱርስቱ «አባ» የመጣ ነው፤ አባ አረጋዊ፣ አባ ጰንጠሌዎን የምንለው ያው «አባ»። ሁለቱ ቃላት በመዝገቡ ውስጥ የሚለያዩት በጥቂት ገጽ ነው፤ የሚገናኙትም በአባትነት።

ከእስክንድርያ ጳጳስ መምጣቱ ለኢትዮጵያ አድካሚ ነበረ፤ ለዐልዋ ግን ሞት ሆነበት። መንገዱ ሲዘጋ፣ ጳጳስ ሲጠፋ ካህን የሚሾም ጠፋ፤ ካህን ሲያልቅ የሚያጠምቅም የሚቀድስም አልቀረም። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሳለ ስድስት ሰዎች ከኑቢያ አገር መጥተው ካህናትና መነኮሳት እንዲሰጧቸው ንጉሡን ሲለምኑ ማየቱን ጽፏል። ከዐልዋ ወገን እንደ ነበሩ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ። ንጉሡ አልሰጧቸውም። የእኔም አቡን ከእስክንድርያ ፓትርያርክ የሚመጣ ነው፤ ሌላ የሚሰጠኝን እኔ እንዴት ለሌላ እሰጣለሁ የሚል መልስ እንደ ሰጧቸው አልቫሬስ ይተርካል። ልብነ ድንግል ይህን ያሉት ከክፋት ነው ለማለት አያስደፍርም፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የተናገሩት እውነት ነበረና። የግራኝ አሕመድ ጦር በራሳቸው ደጅ ሲደርስ የቀረው ጥቂት ዓመት ብቻ መሆኑንም ማንም አላወቀም።

ስድስቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዚያው ዘመን፣ በ1523፣ ዳዊት ሬኡቤኒ የሚባል አይሁዳዊ መንገደኛ የፉንጆችን ንጉሥ ዓማራ ዱንቃስን አይቶ ወደ ሰሜን ሲመለስ በሶባ በኩል ዐለፈ። ከተማዋ ፈርሳ ነበረ፤ ሰዎቹም ፍርስራሹ ውስጥ የእንጨት ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ነበር።